ሁለት ጀሪካን ከአንድ ቧንቧ

ለክፉ ቀን ተዘጋጅቻለሁ ብዬ የምኩራራ ሰው ነበርኩ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አለኝ። ፓወር ባንክ አለኝ። ቡታ ጋዝ አለኝ። ስልኬ ሁለት ሲም ይይዛል። ባለቤቴ "እንደ ኖኅ መርከብ መሥራት ብቻ ነው የቀረህ" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ከዚያ አንድ የሐምሌ ማታ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መብራት ሄደ። መብራት መሄዱ ብርቅ አይደለም። የከተማችን ስም ደብረ ብርሃን ስለሆነ መብራቷ አይጠፋም ያለ ማንም የለም። ግን በማግስቱም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቧንቧው ትንሽ አፏጨና ቀጥ አለ፤ ለካ ወደ እኛ ሰፈር ውሃውን ሽቅብ የሚገፋው ፓምፕ የሚሠራው በመብራት ነው። ወደ ጀሪካኖቹ ሄድኩ። አንዱ ባዶ፣ ሌላው ግማሽ። ሁለቱም የሚሞሉት ከዚያው ቧንቧ ስለሆነ "ነገ እንሞላዋለን" ስንል የከረምነው ለሁለቱም ነው። ፓወር ባንኩ ባለፈው ጊዜ ካለቀ ወዲህ ሶኬት አላየም። ሁለቱ ሲሞች በአንድ ሰዓት ልዩነት ተከታትለው ጸጥ አሉ። ቡታ ጋዙ እንኳን አላሳፈረኝም ነበር፣ ሽሮው ሊንተከተክ ሲል እሳቱ ሰማያዊ ፍንጣቂ ሆኖ እስኪሞት ድረስ። ሲሊንደሩ አንድ ነው፣ ስንት እንደቀረው ደግሞ አይቼው አላውቅም።

እናቴ ያን ሳምንት ከመንዝ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ጋቢዋን ተከናንባ ሁሉንም ስታይ ቆየችና "ኩበት የለህም?" አለችኝ።

"የለኝም እማዬ።"

"ጭራሮስ?"

"የለም።"

"ታዲያ ያ ሁሉ ዕቃ ምን ያደርግልሃል?"

መልስ አልነበረኝም። ዕቃዬ ብዙ ነበር፤ ግን አብዛኛው የተንጠለጠለው በአንድ የመብራት ሽቦ ላይ ነው። ሽቦው ሲበጠስ አብሮ ወደቀ። በአንድ ምክንያት አብረው የሚጠፉ ሁለት ነገሮች በቁጥር ሁለት ይሁኑ እንጂ በክፉ ቀን አንድ ናቸው። ኢንጂነሮች ሬደንደንሲ የሚሉት ነገር፣ ማለትም አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲተካ መጠባበቂያ ማብዛት፣ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ ቤቴን እንዴት እንዳስተካከልኩ ልንገራችሁ፣ እናንተ በቤታችሁ ልክ አድርጉት።

መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ

መብራት በመጣ ማግስት ሌላ ፓወር ባንክ ልገዛ ሮጥኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። እናንተ ግን ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ቁጭ በሉ። ቤታችሁ ሦስት ቀን ሊያጣው የማይችለውን ነገር በወረቀቱ ግራ በኩል ጻፉ፦ የሚጠጣ ውሃ፣ የሚበላ፣ ማብሰያ፣ ሙቀት፣ መብራት፣ መድኃኒት፣ ስልክ፣ ገንዘብ። ከጎኑ አሁን የምትጠቀሙበትን ጻፉ። ቀጥሎ፣ ያ ቢጠፋ ምን እንደምትጠቀሙ ጻፉ። እስከዚህ ድረስ ማንም ይሠራዋል።

ዋናው ቀጥሎ ያለው ነው። በእያንዳንዱ ሥር "ይሄስ በምን ላይ ተንጠልጥሏል?" ብላችሁ ጠይቁ። ቧንቧው በመብራት። ምጣዱ በመብራት። ስልኩ በመብራት። የስልክ ማማውም በመብራት፤ ባትሪ ቢኖረውም ሲቆይ ያልቃል። ኤቲኤሙም በመብራትና በኔትወርክ። የእኔ ወረቀት ላይ "መብራት" የሚለው ቃል ዘጠኝ ጊዜ ወጣ። ባለቤቴ በቀይ እስክሪብቶ ስትከብበው ወረቀቱ ኩፍኝ የወጣበት መሰለ። ቀዩ የበዛበት ቦታ ነው ገንዘባችሁ መውጣት ያለበት፣ ሌላው ይቆያል።

ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። ሦስት ነገር ስላለን ሦስት መጠባበቂያ ያለን ይመስለናል። ጉልቻም ሦስት ነው። ግን አንዱ ጉልቻ ቢጎድል ድስቱ ይደፋል እንጂ በሁለቱ አይቆምም። ቡታ ጋዝ የሚሠራው ሲሊንደሩም ጋዙም ክብሪቱም ሲኖሩ ነው፤ እነዚህ ጉልቻዎች ናቸው። መጠባበቂያ የሚባለው አንዱ ሲወድቅ ሌላው ብቻውን ድስቱን ሊሸከም ሲችል ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መጠባበቂያ ጉልቻዎቹን ቁጠሩ። ባነሱ ቁጥር ይሻላል።

ይሄ የእኔ ቤት ሞኝነት ብቻ አይደለም። በ2003 ዓ.ም መጋቢት ላይ ጃፓን ፉኩሺማ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ላይ የሆነውን አስታውሱ። መሬት ሲንቀጠቀጥ ከውጭ የሚመጣው መብራት ተቋረጠ፣ መጠባበቂያ ጄኔሬተሮቹም እንደታሰበው ተነሱ። አንድ ደርዘን ያህል ነበሩ። አንድ ሰዓት ገደማ ሳይሞላ ሱናሚው መጣና ምድር ቤት ውስጥ ከነበሩት ጋር ጨዋታው አለቀ። አንዳንዶቹ ራሳቸው ውሃ አልነካቸውም፣ ግን ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ሳጥን ሰጥሞ ስለነበር መዳናቸው ዋጋ አልነበረውም። በሥራ ላይ የቆየው ከፍ ያለ ቦታ የተቀመጠውና የሚቀዘቅዘው በባሕር ውሃ ሳይሆን በአየር የነበረው አንድ ጄኔሬተር ነው፤ 5ኛውና 6ኛው ሪአክተር የተረፉትም በእሱ ነው። እንግዲህ ከደርዘን የተረፈው ከሌሎቹ የተለየው ነው። እኔም ቤቴ ውስጥ የምፈልገው እሱን ነው፣ የተለየውን።

ውሃ

ውሃ ላይ አትቆጥቡ። ለመጠጥና ለምግብ ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ። እኛ ከእናቴ ጋር አምስት ነን፤ ለሦስት ቀን 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ጀሪካን። ልብስ ማጠቢያና ሽንት ቤት እዚህ ውስጥ የለም፣ ለእሱ የጣሪያ ውሃ ይበቃል።

ሁለት ጀሪካን ጨመርኩና አራት አደረግኋቸው። ሦስቱ አይነኩም፣ አንዱ ይሠራል። መጀመሪያ ይህን በቃል ነበር የተስማማነው፣ በሳምንቱ ፈረሰ። አሁን ሙሉዎቹ አንገት ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ክሩን የሚፈታ ሰው መጀመሪያ ሌላ ሞልቶ ክሩን እዚያ ያስራል። የስድስት ዓመቷ ልጄ ከሁላችንም በላይ ሕጉን ታስከብራለች፤ አንድ ቀን አባቷን "ክሩን ማን ፈታው?" ብላ ግቢው መሐል አቁማኛለች። ውሃው ንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ተከድኖ ጥላ ቦታ ሲቀመጥ ይቆያል፣ ግን በየስድስት ወሩ ገደማ ቀይሩት። እኛ ለጾመ ፍልሰታ ዋዜማና ለጥምቀት ከተራ እንቀይራለን፣ ቀኑ አይረሳም።

ይሄ ግን ገና ክምችት ነው፤ ከየት እንደሚመጣ መለየት አለበት። የእኔ ሁለተኛ ምንጭ ጣሪያው ነው። የቆርቆሮ አሸንዳ ከበርሜል ጋር አገናኘሁ። ክረምቱን ይሠራል፣ ታኅሣሥ ላይ ግን ባዶ በርሜል ነው። ሦስተኛው ትንሽ ራቅ ብሎ ያለ በእጅ የሚጎተት ጉድጓድ ነው። መብራት አያውቅም፣ ዝናብም አይጠብቅም። ከባለቤቶቹ ጋር አስቀድሜ ተነጋገርኩ፣ አንድ ቀን ሄጄም ቀድቼ አየሁት። ይህን አትዝለሉ። በክፉ ቀን ጀሪካን ይዞ የማያውቁት ሰው በር ላይ መቆም እና "ባለፈው መጥቼ ነበር" ማለት አንድ አይደለም።

የጣሪያም የጉድጓድም ውሃ ሳይታከም አይጠጣም። ማከሚያውም ሁለት ዓይነት ይሁን፣ አንዱ በእሳት አንዱ ያለ እሳት። በእሳት ከሆነ አፍሉት። የእኛ አገር ከፍታ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 91 አካባቢ ላይ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ቆላ ያላችሁ አንድ ደቂቃ ይበቃችኋል። ያለ እሳት ከሆነ ውሃ አጋር ግዙ፣ ወይም ሽታና ቀለም ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና ተጠቀሙ፦ ለአንድ ሊትር ጥርት ያለ ውሃ ሁለት ጠብታ፣ ከደፈረሰ በነጠላ አጥልላችሁ አራት ጠብታ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ። በረኪና ሲቆይ ጉልበቱ ይቀንሳል። ጠርሙሱ ላይ የገዛችሁበትን ወር ጻፉ፣ ዓመት የሞላውን ለወለል አውሉት።

የሚበላና እሳት

ስለ ምግብ እኛ ሸዋዎች ከማንም መማር የለብንም፣ ረስተነው ነው እንጂ። ማታ ማታ ስለ ታሸገ ምግብ ቪዲዮ እያየሁ፣ የእናቴ አገልግል ውስጥ ያለው ሁሉ ለዚሁ የተሠራ መሆኑን አላስተዋልኩም። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ። ሁሉም ፍሪጅ አይፈልግም። ብዙው እሳት አይፈልግም።

ግን እነሱም በአንድ ዓይነት አይከመሩ፣ ያው ጥያቄ ይጠየቅላቸው። ሽሮ በእሳትም በውሃም ላይ ተንጠልጥሏል። በሶ በውሃ ላይ ብቻ። ቆሎ በምንም ላይ አልተንጠለጠለም፣ ከጥርስ በቀር፤ ለዚህ ነው ለልጆቹ ቆሎ ለእናቴ በሶ የሚቀመጠው። ይህን ብነግራት "ጥርሴን ደሞ ወረቀት ላይ ጻፍከው?" አለችኝ። ጽፌዋለሁ። የቤት ሰው ጥርስ፣ ጾም፣ የጨጓራ ነገር፣ የሕፃን ወተት ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይገባል። በጾም ወቅት ቋንጣ መጠባበቂያ አይደለም፣ ጌጥ ነው።

ለማብሰያ ሁለት ነገር ይበቃል፣ የተለያዩ ከሆኑ። ቤት ውስጥ ቡታ ጋዝ። ግቢ ውስጥ ማድ ቤት ሦስት ጉልቻና የሸክላ ምጣድ፣ ከላይ በላስቲክ የተሸፈነ ኩበትና ጭራሮ። ለቡታ ጋዙ ሁለተኛ ሲሊንደር መግዛት ውድ ነው፣ ስለዚህ ሌላ ዘዴ ያዝኩ፦ ሲሊንደሩን በየወሩ የሰው ክብደት በሚለካ ሚዛን እመዝነዋለሁ። ባዶ ክብደቱ አንገቱ ላይ ተጽፏል፣ እሱን ቀንሳችሁ የቀረውን ታውቃላችሁ። ክብሪት በሦስት ቦታ አለ፣ አንዱ ክዳኑ የሚጠብቅ የላስቲክ ዕቃ ውስጥ። በክረምት ማድ ቤት የተቀመጠ ክብሪት ጭቃ ነው።

አንድ ነገር ግን ጠንከር አድርጌ ልናገር። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ሲብስ ምድጃ ከሰል ይዞ ገብቶ በር ዘግቶ መተኛት አለ። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰው እንቅልፍ የወሰደው መስሎት አይነቃም። "ደህና ተቀጣጥሏል፣ ጭስ የለውም" የሚባለው ከሰልም ያው ነው። ለሙቀት መጠባበቂያችሁ እሳት አይሁን። የመንዝ ባና ይሁን፣ ብርድ ልብስ ይሁን፣ ሁሉንም ሰው አንድ ክፍል ማስተኛት ይሁን። ባና በምንም ላይ አይንጠለጠልም።

መብራትና ስልክ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ፓወር ባንክ ባለ 10,000 mAh ከሆነ ስልካችሁን አንዴ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ግማሽ ያደርሳል፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል አይሰጥም። ወር በገባ በ12፣ በሚካኤል፣ ቻርጁን አያለሁ። የራሳችሁን ቀን ምረጡ፣ ብቻ ቀን ይኑረው።

ሶላር ጥሩ ነው። ነገር ግን እኛ ጋ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ሲወርድ ፓነሉ ፀሐይ የሚባል ነገር አያይም። የመብራት ምሰሶ የሚጥለውም ያው ዝናብ ነው። ማለትም በጣም በምትፈልጉት ሰዓት ሁለቱም አብረው ይደክማሉ። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ያላችሁ በዚህ አትጨነቁ፣ ሶላራችሁ ይሠራል። እኛ ደጋዎቹ ከባትሪ የሚሠራ የእጅ ፋኖስና ትርፍ ድንጋይ እንያዝ። ጎረቤት ባለ ባጃጅ ካለ ደግሞ የመኪና ቻርጀር ገመድ ግዙና ተስማሙ፤ ነዳጅ እስካለው ድረስ ስልክ ይሞላል።

ሁለት ሲም የምትይዙ፣ ሁለቱም ሰፈራችሁ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆኑ ተመልከቱ። አንድ ላይ የሚሄዱ ከሆነ ሁለተኛው ለቅናሽ ጥቅል ነው እንጂ ለክፉ ቀን አይደለም። ዳታ የሚቋረጥበት ጊዜም አለ። በ2015 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ለወራት ቆይቷል፣ እና በቴሌግራም ብቻ የሚገናኝ ቤተሰብ ቁጥር እንኳን የማይተዋወቅ ሆኖ ተገኘ። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ ለአንዴ ይህ ሙገሳ ነው። አንዱ ቦርሳ ውስጥ፣ አንዱ በር ጀርባ ላይ ይለጠፍ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና ፖሊስ 991 ከላይ ይሁኑ፣ ከሥር የወረዳችሁን አምቡላንስ ቀጥታ ቁጥር ጠይቃችሁ ጨምሩ።

ከዚያ ደግሞ ከከተማ ውጭ የሆነ አንድ ሰው ምረጡ። የእኛ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ናት። ከተማ ውስጥ ሁሉም ሲደዋወል መስመር ይጨናነቃል፤ ሁላችንም ለእሷ አጭር መልእክት እንልካለን፣ እሷ ማን የት እንዳለ ታውቃለች። አጭር መልእክት ድምፅ ባላለፈበት ያልፋል።

መድኃኒት

ይህን ያስተማረችኝ ሸዋ ሮቢት ያለችው አክስቴ ናት። ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። እዚያ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። የተከፈተው አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ ለአራት ሳምንት ገደማ ውጭ ይቆያል። ሸዋ ሮቢት ላይ ከ30 በታች የሚሆነው መቼ መቼ እንደሆነ እሷን ጠይቁ።

መጠባበቂያዋ የጎረቤት ፍሪጅ ነበር። አሪፍ ይመስላል። መብራት ሲጠፋ ብልቃጡን በፌስታል ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች፣ እነሱም ጋ ጨለማ። አንድ ትራንስፎርመር ላይ ናቸው። ፍሪጅ ሳይከፈት አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ እሷ ግን እየከፈተች ታየው ነበር።

አሁን እንዲህ ነው። አንደኛ ፍሪጁ። ሁለተኛ፣ ትልቅ ገል ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስገብታ መሐሉን በአሸዋ ሞልታ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ታርሰዋለች፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ። እንደ ፍሪጅ አያደርገውም፣ ግን ከውጭው ሙቀት በደንብ ያወርደዋል። ብልቃጡ ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ይጠቀለላል። ሦስተኛ፣ ከሚመጣው ወር ድርሻ ግማሹ ደብረ ሲና የእህቷ ልጅ ጋ ይቀመጣል። ደብረ ብርሃን እኔ ጋ ይሁን ብዬ ነበር፤ እሷ ናት ያስቆመችኝ። "ጣርማ በር ጉም ሲውጠው ወይ መንገዱ ሲዘጋ አንተ ከላይ እኔ ከታች ነን" አለች። እውነቷን ነው፣ ደብረ ሲና ከጣርማ በር የተራራ መተላለፊያ በታች፣ ከእሷ ጋር በአንድ ወገን ነው። ኢንሱሊን በረዶ ከሆነ ተበላሽቷል፣ ቢሟሟም አይመለስም፤ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡ። የራሳችሁን ዓይነት ግን ፋርማሲስት ጠይቁ።

የደም ግፊት ወይም ሌላ በየቀኑ የሚወሰድ ክኒን ያለባችሁ፣ የሁለት ሳምንት ትርፍ ይኑራችሁ። አዲሱን ከኋላ፣ የቆየውን ከፊት። የመድኃኒቱን ስምና መጠን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ "ያቺ ነጭ ትንሿ" የሚል መረጃ ሌላ ከተማ ላይ አይሠራም።

ገንዘብና ሰነድ

ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ኪስ ቀለለ። ዳታ ባይኖርም *127# ይሠራል፣ ይህ ራሱ ትንሽ መጠባበቂያ ነው። ኔትወርክ ከሌለ ግን የለም። የአንድ ሳምንት አስቤዛ የሚሆን ጥሬ ብር በዝርዝር ያዙ፣ በ50ና በ100። ባለ 200 ብቻ ከሆነ መልስ የሚሰጣችሁ የለም። ከዚያ በላይ ግን ፍራሽ ሥር አትቅበሩ፤ በዚያው በ2013 ዓ.ም መስከረም ላይ ብር ሲቀየር ፍራሽ ሥር ያለው ሁሉ በሦስት ወር ውስጥ ወደ ባንክ ይሮጥ እንደነበር አይተናል።

ሰነድን በተመለከተ የኮምፒውተር ሰዎች 3-2-1 የሚሉት ደንብ አላቸው፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ነገር ላይ፣ አንዱ ሌላ ቦታ። የቤት ካርታ፣ ፋይዳ፣ የልጆች ልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ። ዋናው ቤት፣ ፎቶው ስልክና ፍላሽ ላይ፣ ፎቶኮፒው እህቴ ጋ። አለቀ።

ሰው

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንወድቀው። ዕቃ ሁለት ሁለት አድርገን የሚያውቀውን ሰው አንድ እናደርገዋለን።

ሰፈራችን ያለ ዕድር ድንኳን፣ ወንበር፣ ትልልቅ ጎላ ድስት፣ በርሜል፣ ፋኖስ ሁሉ አለው። ለሰፈሩ ከዚህ የተሻለ መጋዘን የለም። ቁልፉ ግን አንድ ነበር፣ የሚይዙትም አንድ ጋሼ። አንድ ሌሊት ሰው ሞተ፣ ጋሼ ለሠርግ አዲስ አበባ ናቸው፣ ቁልፉም ኪሳቸው ውስጥ። ጠዋት ጓጉንቸሩ በብረት መቁረጫ ተቆረጠ። ሲመለሱ ተቀየሙ፣ "ሌባ ናችሁ እንዴ?" አሉ፤ ሦስት ስብሰባ ፈጀ። አሁን ቁልፉ ሁለት ቦታ ነው፣ ሁለቱ ቤቶች ደግሞ ሥጋ ዘመድ እንዳይሆኑ ተባለ፤ ምክንያቱም ዘመዶች ለአንድ ሠርግ አብረው ይሄዳሉ። ይህን ያሉት ፊደል ያልቆጠሩ እማማ ናቸው። እኔ ፉኩሺማን አንብቤ የደረስኩበት ላይ እሳቸው በሠርግ ደረሱበት።

ጡሩምባ ነፊውም አለ። ስልክ ከመጣ ወዲህ አያስፈልግም ተብሎ ሊቀር ነበር። ኔትወርክ በጠፋበት በዚያ ሐምሌ ሰፈሩ መርዶ የሰማው በጡሩምባ ነው። ዕድራችሁ ጡሩምባውን ጥሎ ከሆነ ፈልጉት።

ቤታችሁ ውስጥም እንዲሁ። የውሃውን ዋና መዝጊያ፣ የቆጣሪውን ማጥፊያ፣ የሲሊንደሩን አዘጋግ፣ መድኃኒቱ የት እንዳለ ሁለት ሰው ይወቅ። ልጅ ከትምህርት ቤት የምታወጣዋ እናት ከሆነች ሁለተኛ ሰው ትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ በስም ይስፈር፤ በር ላይ ደርሶ "አጎቷ ነኝ" ማለት አይሠራም፣ መሥራትም የለበትም። መገናኛ ቦታችሁም ሁለት ይሁን። የእኛ አንዱ ከበሬሳ ወንዝ ወዲህ፣ አንዱ ማዶ ነው።

ሁሉንም አንድ ጣሪያ ሥር አታድርጉ

በ2017 ዓ.ም ታኅሣሥና ጥር ከፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ አምፖላችንን ሲያወዛውዝ ያየነው ነው። በ1953 ዓ.ም በካራ ቆሬ በኩል የደረሰው ደግሞ ማጀቴን አፍርሷታል። ደብረ ሲና ሥር ይዛባ ወይን ላይ በ1998 ዓ.ም መስከረም መሬቱ ተንሸራቶ ሰው ከቤቱ ነቅሏል። ቤቱ ራሱ ሊሄድ ይችላል ማለት ነው። እና ያ ሁሉ ጀሪካን፣ በሶ፣ ባና አንድ ጓዳ ውስጥ ከሆነ ቁልፉን ይዛችሁ ፍርስራሽ ታያላችሁ። እኔ አንድ ጀሪካን፣ ግማሽ በሶና አንድ ባና ማድ ቤት አደረግሁ። አንድ ቦርሳ ደግሞ በር አጠገብ ተሰቅሏል፦ የቁጥሮቹ ወረቀት፣ የሰነድ ፎቶኮፒ፣ ትንሽ ብር፣ ባትሪ፣ የእናቴ ክኒን፣ ቆሎ።

ስንት ስንት ይሁን ለምትሉ፣ ሁሉን ነገር ሦስት አታድርጉ፣ ቤት መጋዘን ይሆናል፣ ባለቤቴም ትክክል ትሆናለች። ውሃና መድኃኒት ሦስት። ምግብ ማብሰያ፣ መብራት፣ ገንዘብ ሁለት። ቴሌቪዥን ይቅር።

ከዚያ ሞክሩት። እኛ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ቆጣሪውን አጥፍተን፣ የቧንቧውን ዋና መዝጊያ ዘግተን፣ ስልኮቹን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገን እስከ እሑድ ጠዋት እንቆያለን። እስካሁን ሦስት ጊዜ አድርገነዋል። መጀመሪያ ጊዜ የእጅ ፋኖሱ ድንጋይ ዝጎ ተገኘ። አሁን ድንጋዩ ከፋኖሱ ውጭ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። ሁለተኛ ጊዜ ማድ ቤት ያለውን ክብሪት አይጥ በልታው ነበር፤ ክብሪት እንደምትበላ የት አውቄ። ሦስተኛ ጊዜ ሁሉም ሠራ። ሽሮ በኩበት በላን፣ እናቴ ትልቋን ልጄን በሶ እንዴት እንደሚጨበጥ አስተማረቻት፣ ሦስት ሰዓት ሳይሆን ተኛን። እሑድ ጠዋት ቆጣሪውን ሳበራ መብራት የለም። እውነተኛው ሌሊት ሄዶ ነበር፣ ማንም አላወቀም።